ስሙን አትፋቀው

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለችኝ የእንጨት ሥራ ቤት እትዬ አስካለ የሚባሉ የሰፈራችን ሴት መጡ። ባለቤታቸው ጋሽ ታደለ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በፎጣ የጠቀለሉትን ሲፈቱት ፑል የሚጫወቱበት ስቴካ ነው፤ እጀታው ላይ የጋሽ ታደለ ሙሉ ስም ተቀርጿል። "ልሸጠው ነው ልጄ። የሰው ስም ያለበትን ዕቃ ማን ይገዛኛል? ስሙን ፋቅልኝ" አሉኝ። እውነታቸውን መሰለኝና ብርጭቆ ወረቀቴን አነሳሁ።

ይሄኔ ወንበር ሊያሠራ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ጠጋ ብሎ ስሙን አነበበና ጮኸ። "ተው! አትፋቀው! ይሄ እኮ የሻምፒዮኑ የጋሽ ታደለ ስቴካ ነው! ስሙ ከጠፋ የሚቀረው እንጨት ብቻ ነው። እኔ የታላላቅ ተጫዋቾችን ስቴካ እሰበስባለሁ፤ እንዳለ በጥሩ ዋጋ ልግዛዎት።"

"ታደለን ታውቀዋለህ እንዴ?" አሉት፣ ዓይናቸውን ተክለው።

"እናቴ፣ እሳቸውን የማያውቅ ተጫዋች የለም። እሳቸው ሊጫወቱ ሲነሱ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።"

እትዬ አስካለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኔ እኮ ሥራ ፈት እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ስቴካውን አቀበሉት። "ውሰደው። ግን ግድግዳ ላይ አትስቀልብኝ። ስትጫወትበት ደግሞ ጥራኝ፤ እሱ ሲጫወት አንድም ቀን አላየሁትም።"

ቅዳሜ ሰውየው ሲጠራቸው ፑል ቤቱ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰውየው በስቴካው የመጀመሪያዋን ኳስ ሲያስገባ፣ ከሁላችንም ቀድመው ያጨበጨቡት እትዬ አስካለ ናቸው።