ከግድግዳው ወዲያ የነበረችው ተማሪዬ

ክቡር ዲሬክተራችን አቶ ወልደ ሰንበት፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ ቢላውን ለሳለው ሳይቀር፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጋቢውም ከዘራውም ደርሶኛል። ጋቢው «ሞቅ ብሎህ ተኛ» ይለኛል፤ ከዘራው ደግሞ «ተነሥተህ ሂድ» ይለኛል። የትኛውን ልስማ? ባለቤቴ ፋንታዬ ሁለቱንም ትተህ እኔን ስማ ብላኛለች።

ጡረታ የወጣሁት ሃምሳ አምስት ዓመት ስለሞላኝ ነው። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። እውነቱን የምናውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች አለን፤ እኔና ባለቤቴ። ሁለታችንም አንናገርም። የልጅ ልጄ ግን ባለፈው ሰሞን አፌን ትክ ብላ አየችና «አባባ፣ በሃምሳ አምስት ዓመት ጥርስ እንዲህ ያልቃል እንዴ?» አለችኝ። ቁጥር የምትወድ ልጅ ናት። እንደዚህ ያለ ልጅ ሲገጥም ዝም ማለት ይሻላል።

ሂሳብ ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሆሳዕና ከመጣሁ አሥራ አራት። ስለ እኔ የምታወሩትን አውቀዋለሁ። ዋናው ጩኸቴ ነው። አቶ ዳኘ ፊዚክስ ሊያስተምር በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክፍሉ ከእኔ ክፍል ሁለት ክፍል አልፎ ሳለ፣ ዕረፍት ላይ መጣና ምን አለኝ?

«ጋሼ ኃይለመለኮት፣ ዛሬ ተማሪዎቼን ስለ ብርሃን ላስተምር ገብቼ ስለ ትሪያንግል ተምረው ወጡ።»

«ታዲያ ገባቸው?» አልኩት።

«ገብቷቸዋል። ግን ጆሮዎ ደክሟል እንዴ? ለምን እንዲህ ይጮኻሉ?»

«አዎ ልጄ፣ ደክሟል» አልኩት። ይኸው ዛሬ ላርመው፤ ዋሽቼሃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ባለፈው ማክሰኞ በመምህራን ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የተንሾካሾካችሁትንም ሰምቻለሁ።

ስለዚያ ስብሰባ ነው መናገር የምፈልገው። ያልነበራችሁ አትቸገሩ፤ አጭር ነው። አቶ ወልደ ሰንበት ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ደብዳቤ አነበቡልን። ትምህርቱን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀረው ተማሪ፣ እንደ ደንቡ የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱን ሊሰጥ ለመስከረም ወደ እኛ ይመጣል። ያጠናው ሂሳብ ነው። የሚመጣውም በእኔ ምትክ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር። ከዚያ ስሟ ተነበበ። ጵርስቅላ ማቴዎስ፣ ከአንጋጫ።

አቶ ዳኘ ተነሣ። ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ዳኘ ክፉ ሰው አይደለም። «ልጅቱ ትከበር፤ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያወጡ ወንዶች ናቸው ያሉት። አይሰሟትም። ታይፕ ክፍል ገብታ ወይዘሮ አስካለችን ታግዝ፤ ሂሳቡን እኔ ደርቤ እይዘዋለሁ» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አንዱ የእኔ ራስ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ እንኳ የነቀነቅሁት ዝንብ ለማባረር ነው።

ውሳኔው ለዛሬ ተላለፈ። ዛሬ ደግሞ እኔን ማናገር ግድ ሆነባችሁ። እንግዲህ ስሙኝ።

ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። እዚሁ ነው የተማረችው። ከስድስት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ በታችኛው ሕንፃ እኔው አስተምሬያት፣ በሂሳብ ከመቶ ዘጠና አራት አገኘች፤ ከወንዱም ከሴቱም የሚደርስባት አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹን የመደልደል ሥራ የእኔ ነበር። እንደ ልማዳችን ወንዶቹን ለሂሳብና ለሳይንስ፣ ሴቶቹን ለታይፕና ለቤት አያያዝ ጻፍኩ። ስሟን አየሁ፤ የሴት ስም ነው፤ ታይፕ አልኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደሚቀጥለው ስም ሄድኩ።

ማርኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዝርዝሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ጨካኝ ሲሆን ብቻ ይመስላችኋል? እኔ በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ነበር።

የታይፕ ክፍሉና የእኔ ክፍል በአንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ታውቁታላችሁ፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማርሽ» ይባላል። አንድ ቀን፣ በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፣ ከክፍል ስወጣ ያችው ቀጭን ልጅ፣ ጵርስቅላ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን በቃልዎ ቢሉት።»

«ለምን? ተማሪዎቼ ዓይን አላቸው።»

«እነሱ አላቸው። እኔ ወዲያ ነኝ፤ አይታየኝም።»

«ወዲያ ሆነሽ ማን ስሚ አለሽ?»

«ማንም። ግን ትናንት 'ስለዚህ ይኼ ከዚያኛው ጋር እኩል ነው' ብለው ዝም አሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ሳላውቅ አደርኩ።»

ምን ልበላት? ዝርዝሩን አውጥቼ ስሟን ብሰርዝና ወደ ክፍሌ ባስገባት ማን ይከለክለኝ ነበር? ግን አንዷን ሳስገባ ሌላዋም ትመጣለች፤ ወላጅ ይጠይቃል፤ ዲሬክተሩ ይጠይቃል፤ ተሳስቼ ነበር ማለት ይመጣል። ሂሳብ አስተማሪ ተሳስቻለሁ ማለት እንዴት እንደሚከብደው እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ መጮህ ጀመርኩ።

እያንዳንዱን መስመር ጠመኔዬ ሲጽፍ አፌ ይከተላል። ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ መስመሩን አስምር፣ ከታች ሁለት። ወንዶቹ አረጀ አሉ። ከወዲያ ደግሞ የእሷ ታይፕ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማኛል፤ ስናገር ይመታል፣ ዝም ስል ያቆማል። አንዳንዴ ሆን ብዬ ተሳስቼ እናገራለሁ። ያኔ ታይፑ ቀጥ ይላል። ፊቴ የተቀመጡት አርባ ወንዶች ስሕተቱን እየገለበጡ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። እስካርመው።

ወይዘሮ አስካለች፣ አሁን ቢስቁ አይደንቀኝም። አንድ ቀን አንድ ወረቀት ይዘው መጥተው «ይህቺ ልጅ የንግድ ደብዳቤ ጻፊ ስላት የጻፈችው ይኼን ነው፤ ይኼ የማን ደብዳቤ ነው?» አሉኝ። አየሁት፤ የጠዋቱ ትምህርቴ ነው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። «የእኔ ነው» አልኩዎት። ወረቀቱን ሰጡኝና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው አስጠግተውላት እንደነበር የሰማሁት ዘንድሮ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ያችን ታህል እንኳ እኔ አላደረግሁም።

እንዲህ ሆና የመልቀቂያ ፈተናዋን አለፈች፤ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዘንድሮ ለፋሲካ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ጥቂት ላንብብላችሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ ኮምፒዩተር የሚሉት የሂሳብ መኪና አለ። ቁም ሣጥኖች ተደርድረው ቢያዩ እሱ ነው። ጥያቄያችንን በእርሳስ ካሰናዳን በኋላ እንደ ታይፕ ባለ መኪና ካርድ ላይ እየተበሳ ይመታል፤ ቀዳዳውን እሱ ያነበዋል። በክፍላችን ሠላሳ አንድ ነን፤ ሴቶቹ ሁለት። ወንዶቹ ታይፕ አያውቁም። በአንድ ጣት ሲመቱ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላሉ። ስለዚህ ወረፋው እኔ ዘንድ ነው። አንዱ 'አንቺ ምቺልኝ፣ ማሰቡን ለእኛ ተዪው' አለኝ።

«የሁሉን ሥራ ስመታ የሁሉን ስሕተት አነበብኩ። መጀመሪያ እያረምኩ እመታላቸው ነበር። አስተማሪያችን 'ዘንድሮ ወንዶቹ በረቱ' አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ ጻፉት እመታለሁ፤ ነጥብ አልጨምርም፣ ነጥብ አልቀንስም። በዚያ ሳምንት ከመኪናው በደህና የወጣው ሁለት ሰው ሥራ ብቻ ነው።»

የማን የማን እንደሆነ አልጻፈችልኝም። ሂሳብ ስለማውቅ ደረስኩበት።

ቀጥላ እንዲህ ትላለች፤ «ሁለተኛዋ ልጅ ግን ትምህርቱን ተወችው። ምነው ብላት 'እነሱ ሲሳሳቱ ጥያቄው ከባድ ነው ይባላል፤ እኔ ስሳሳት ሴት ስለሆንኩ ነው ይባላል፤ ደከመኝ' አለችኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ያ 'ማሰቡን ተዪው' ያለኝ ልጅ ግን ተመልሶ መጣና 'የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?' አለኝ። አሳየሁት። ጓደኛውን ይዞ መጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ወንዶች አስረዳለሁ።»

አቶ ዳኘ፣ የዩኒቨርሲቲ ወንዶች ጢም የላቸውም እንዴ?

መጨረሻው ይኼ ነው፤ «ለአገልግሎት ሌላ ከተማ መምረጥ እችል ነበር። ሆሳዕናን የመረጥኩት ክፍልዎን ከውስጥ ማየት ስለምፈልግ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተማርኩበት፤ ሰሌዳው በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ወዳጆቼ፣ ታይፕ ክፍል ብናስገባት የት እንደምናስቀምጣት አስቡት። እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ፣ መናኸሪያ ላይ ሻንጣዋን ከተሸካሚ ጋር ተከራክራ አውርዳ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ። ከወዲህ በኩል ደግሞ አቶ ዳኘ ይጮሃል። እሱ እንኳ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አይሰማትም።

የመስከረሙን የትምህርት ፕሮግራም ማውጣት የመጨረሻ ሥራዬ ነበር። አውጥቼዋለሁ። አሥራ አንደኛ «ሀ» እና «ለ»፣ ሂሳብ፣ ወይዘሪት ጵርስቅላ ማቴዎስ። ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። መምህራን ማስታወቂያ ስለማታነብቡ አላያችሁትም፤ ተማሪዎቹ ግን ገልብጠውት ሄደዋል። ሴቶቹ ሁለት ጊዜ ነው የገለበጡት።

አውቃለሁ፣ ያለ ዲሬክተሩ ማኅተም ዋጋ የለውም። ሌላውን ቅጂ ይኸው ለአቶ ወልደ ሰንበት በሁላችሁ ፊት እሰጣለሁ። ሊሰርዙትም ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የሚሰርዙት ከሆነ እኔ እንዳደረግሁት እያፏጩ እንዳይሆን። ማርኳን አይተው፣ ስሟን ጮክ ብለው አንብበው ይሰርዙት።

ምን አሉ አቶ ወልደ ሰንበት? ማኅተሙ ቢሮ ነው? ቢሮው ሩቅ አይደለም፤ ይሂዱ፣ እኛ እንጠብቃለን። ሥጋው እንደሆነ ጥሬ ነው፤ አይበርድም። ዳኘ፣ መንገድ ልቀቅላቸው። ምን? አንተም አብረህ ልትሄድ? እንዳትመልሳቸው ብቻ። እ... የቢሮው በር በዝናብ አብጧል፣ ትከሻ ይፈልጋል ነው የምትለው? ሂድ ልጄ፣ ሂድ። ትከሻህ ይባረክ።

እነሱ እስኪመለሱ እኔ ልመርቃችሁ። የሽማግሌ ምርቃት ጊዜ መሙያ ነው አትበሉ፤ አሜን በሉ።

ጠመኔ ሳንባችሁን አይንካው። ከአዲሎ እስከ አንጋጫ ያስተማራችሁት ልጅ ገበያ ላይ ሲያያችሁ ፊቱን የሚያዞር ሳይሆን ዘንቢላችሁን የሚቀበል ይሁን። በልጆቻችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በልጅ ልጆቻችሁ ደግሞ ተሸነፉ፣ እሱ ይጣፍጣል። መሳሳታችሁ አይቀርም፤ ስትሳሳቱ ዝም ብላ የምትጠብቅ ተማሪ አይንሳችሁ፤ ብዙም አታስጠብቋት። ሴቶች ልጆቻችን ሊማሩ ሲመጡ ጆሯቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ይዘው ይግቡ። ለምትመጣው ልጅ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳጥን ጠመኔና መጀመሪያ ቀን «እንደምን አደርሽ» የሚላት ሰው አይጥፋ። እኔንም ጤና ይስጠኝ፤ ፋንታዬን ደግሞ ትዕግሥት፣ ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

መጡ። ዳኘ፣ ኮትህ ተቀደደ እንዴ? ለበጎ ነው። አቶ ወልደ ሰንበት፣ ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት፣ ሳህኑን ገፋ አድርጉላቸው። እዚህ ጋ ነው፣ ከስሟ ጎን። ጫን አድርገው ይምቱት፤ ከሩቅ ይነበብ።