የሳጂዳ የቅዳሜ ትምህርት

የእንጦጦን ዳገት ያለ ነዳጅ የወጣ ሹፌር ካለ እኔ ነኝ፤ ከኋላ ጅብ እየገፋኝ። ይህን ያላመነ አንባቢ ቀጥሎ ያለውን ይመን፤ እሱን ለማጋነን ብሞክር የሚታዘቡኝ ሰዎች አሉ። ስሜ ቶሌሳ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለአስተማሪዎቼ ጤና አዝኜ ነው። አሁን ላምበረት አካባቢ በስልክ እየተጠራሁ ሰው አመላልሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያው ጎን ቆሜ የመኪናዬን መስታወት ስወለውል ሦስት ሰዎች ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ጋሽ ይማም ናቸው፤ ከመናኸሪያው ማዶ የእጅ ባትሪ፣ ጀሪካን፣ ገመድና ሌላም የመንገደኛ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሳጂዳ ናት። ሆስፒታል ትሠራለች፤ ግን መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒትም አትሰጥም። ሥራዋ የታመሙ ሕፃናትን ማጫወት፣ ምን እንደሚደረግላቸው አስቀድሞ ማስረዳትና ፍርሃታቸውን ማቅለል ነው። ሦስተኛው የጋሽ ይማም የልጅ ልጅ ካሊድ ነው፤ ሳጂዳ አክስቱ ናት። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግራ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የት ላድርሳችሁ?» አልኩ።

«እንጦጦ ፓርክ» አሉ ጋሽ ይማም ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና፣ «ሆስፒታል ነው። ክርኑ ሲሰበር የገባለት ቀጭን ብረት ዛሬ ይወጣል። አደራ፣ እንዳትናገር።»

እኔ ደግሞ የውሸት ሥራ ሲሰጠኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። «እንጦጦማ ፈረሱ ሁሉ አማርኛ ይናገራል፤ ባለፈው አንዱ ሰላም ብሎኝ...» ብዬ ስጀምር ካሊድ አጠገቡ ያለውን የመብራት ምሰሶ በጤነኛ እጁ አቀፈ።

«ባለፈውም ፓርክ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁኝ» አለ። «አራት ሰው ያዘኝ። አባባ እግሬን ያዘኝ።»

አባባ የሚላቸው ጋሽ ይማም ፊታቸውን ወደ አውቶቡሶቹ አዞሩ።

«አባዬ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እውነቱን ልንገረው» አለች ሳጂዳ።

«ይኸው፣ በየቅዳሜው የምትማሪው ሥልጠና ጀመረ። እውነቱን ሰምቶ ቢሮጥ ደብረ ብርሃን ነው የምንይዘው።»

«በውሸቱስ መች መኪና ውስጥ ገባልን?»

ጋሽ ይማም ‹በይ› ብለው በእጃቸው አመለከቷት። እሷ በርከክ አለችና ከቦርሳዋ ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት አወጣች። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው ውስጥ የክብሪት እንጨት ብቅ ብሏል።

«ካሊዶ፣ የምንሄደው ሆስፒታል ነው።»

ልጁ ምሰሶውን ይበልጥ ጨበጠ። «ብረቱን ሊያወጡት?»

«አዎ።»

«ያማል?»

«ሲወጣ የሚስብ ነገር ይሰማሃል። አንዳንድ ልጆች እንደ ቁንጥጫ ነው ብለውኛል። ወዲያው ያልቃል። አንተ ደግሞ ምን እንደሚመስል በኋላ ትነግረኛለህ።»

«አራት ሰው ይይዘኛል?»

«አይይዝህም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ አባባ ጭን ላይ ነው የምትቀመጠው። በል አሁን የዚህን ልጅ ብረት አውጣለት።»

ካሊድ አሻንጉሊቱን አየ፣ አክስቱን አየ፤ ከዚያ ምሰሶውን ለቀቀ። ክብሪቷን እየጎተተ መኪናዬ ውስጥ ገባ። በእኔ የሚናገር ፈረስ ያልተንቀሳቀሰ ልጅ በእውነት ሲንቀሳቀስ ሳይ፣ አልደብቅም፣ ሙያዬን ተጠራጠርኩ።

ጋሽ ይማም ከፊት ተቀመጡ። ገና ሳንርቅ፣ «ቶሌሳ፣ አንተ ፍረድ» አሉ። እኔን ዳኛ ያደረገኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። «ይህች ልጅ ዲግሪ አላት። ሥራም አላት። ታዲያ በየቅዳሜው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ያለ አዳራሽ እየወጣች እንደ አዲስ ትማራለች። ቅዳሜ ደግሞ የሱቄ ቀን ነው፤ መንገደኛው የሚመጣው ያኔ ነው። ልጁ እንደታከመ ወደ ሱቅ ትመለሳለች። ያልኩት አልኩ ነው።»

«አባዬ፣ አንድ ቅዳሜ ለሱቁ ብዬ ቀርቻለሁ። ዛሬ ከቀረሁ ከሥልጠናው እሰረዛለሁ።»

«ትሰረዢ። የተማረ ተምሯል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነግድ አንድ ቀን ሥልጠና ሄጃለሁ?»

«ሱቁን ሲከፍቱ ምን ነበር የሚሸጡት?»

«ኩራዝ። ፋኖስ።»

«ዛሬስ?»

«በፀሐይ የሚሞላ አምፖል።»

«እሱንስ ማን አስተማረዎት?»

«ደንበኛው ነዋ። እየመጣ ሲጠይቀኝ፣ እኔም መርካቶ ወርጄ ስጠይቅ...» ሳጂዳን በመስታወት አየኋት፤ አልሳቀችባቸውም። አባቱን ያሸነፈ ልጅ ሳይኩራራ ሲቀር እንዴት እንደሚያምር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ቢሆንም» አሉ ጋሽ ይማም፣ «አምፖል ሌላ፣ ልጅ ማጫወት ሌላ። ልጅ ማጫወት ምን ዕውቀት ይጠይቃል?»

ሆስፒታሉ ደረስን። ተከትያቸው ገባሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ውጭ የሚቆም ሹፌር ሹፌር አይባልም። ሐኪሙ ዕቃውን ሲያዘጋጅ ሳጂዳ አባቷን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ካሊድን ፊቱን ወደ እሳቸው አዙራ ጭናቸው ላይ አደረገችው፤ ደረቱ ከደረታቸው ጋር ገጠመ፤ የታመመው ክንድ ብቻ በጎን ወጣ።

«ልያዘው?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ይቀፉት፤ ይበቃል። ካሊዶ፣ ብረቱ ዛሬ መውጣት አለበት፤ እሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ማየትና አለማየት ግን የአንተ ምርጫ ነው። ሲሳብ ደግሞ እፍ ትላለህ። ምን ላይ እፍ ትላለህ?»

ልጁ አሰበና፣ «አባባ ጺም ላይ» አለ።

ሐኪሙ ሳበ። ካሊድ እፍ አለ፤ የሽማግሌው ጺም ወደ ጎን ተኛ። አለቀሰ፤ አላለቀሰም ብዬ አልዋሽም። ግን አልታገለም፣ ማንም እግሩን አልጨበጠም፤ እንባው ሳይደርቅም፣ «እንደ ቁንጥጫ አይደለም። ጥርስ እንደ መንቀል ነው» አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች ሳጂዳ። «ለሚቀጥለው ልጅ እንደዚያ ብዬ እነግረዋለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ይማም ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልቡ እዚህ ጋ ሲመታ ነበር። ያን ጊዜ እግሩን ስይዝ ልቡን አልሰማሁትም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይህን ዩኒቨርሲቲው ነው ያስተማረሽ?»

«አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ እኔም ‹አያምም› ነበር የምለው። ‹ይውጣ አይደል?› ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጁ እምቢ ቢልም ግን ብረቱ መውጣቱ አይቀርም። እንደዋሸሁት እንኳ አይገባኝም ነበር። ጭን ላይ ማስቀመጡን፣ አቀማመጡን፣ የምጠይቀውንና የማልጠይቀውን የተማርኩት በቅዳሜው ነው። ገና ያልተማርኩትም ብዙ አለ።»

ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ቶሌሳ» አሉኝ፣ «ወደ አዳራሹ ንዳ።»

«ሱቁስ?» አልኩ።

«ሱቁ ዛሬ ተዘግቶ ይዋል፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እኔ እውልበታለሁ። እሷ ሳትወለድም ቆሞ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እንደ ትልቅ ሰው ልናገር። ልጅን በሐኪምና በመርፌ እያስፈራራን እናሳድገዋለን፤ ሲታመም ደግሞ አታለን እንወስደዋለን፤ ከዚያ ለምን ይሸሻል እንላለን። እውነቱን የሚያውቅ ልጅ ቀጠሮው አያልፈውም፤ ሐኪሙም ትግል ስለሌለበት ሥራውን በወጉ ይሠራል፤ ልጁም ያሳደገውን ሰው እንዳመነ ቤቱ ይገባል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመርቆ አያበቃም፤ ልጅ ሁሉ የተለያየ ነውና ዘወትር ይማራል።

አዳራሹ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። አሠልጣኟ ወይዘሮ ደብሪቱ በር ላይ ተቀበሉን። ጋሽ ይማም የአሠልጣኟን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እመቤቴ፣ ልጄን ነጠቃችሁኝ እያልኩ ስቀየማችሁ ኖሬያለሁ። የልጅ ልጄን መልሳችሁልኛልና አላህ ይስጥልኝ። ለመሆኑ ለአያቶች የሚሆን ክፍል የላችሁም?»

«የለንም፤ የጠየቀን አያትም አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ዛሬ ስለ ቤተሰብ ነው የምንማረው። ቢገቡና ያዩትን ቢነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።»

ጋሽ ይማም ኮፍያቸውን አስተካከሉና ከሳጂዳ ኋላ ገቡ። ካሊድ እንቅልፍ ወስዶት ትከሻዬ ላይ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ግን ሁሉም ይሰማኛል። ወንበር ሲጎተት፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፤ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ። እግር የያዘ አያት ነበርኩ። እስቲ አንድ ሰው ይነሳና ጭኔ ላይ አሻንጉሊት ያስቀምጥልኝ፤ እንዴት እንደሚታቀፍ ላሳያችሁ።»