ተምች የተባሉት ክንፋሞች

ክቡራትና ክቡራን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጸሐፊያችን ሸዋረጋ "እሱ ቀርቷል፣ ጓዶች በይ" አለችኝ። እንግዲህ ጓዶች።

ስለ ዳቦውና ስለ ለስላሳው አመሰግናለሁ። ስለ ስጦታውም። ወደ ሐርቡ ቆላ ለሚዛወር ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ መስጠት ከእናንተ በቀር ማን ያስባል?

ለምን እንደምሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ አዳራሽ ማንም ስላልተናገረው ግን እኔው ልናገረው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ፣ ከባሌ በበርሜል አምጥተን ከደሴ በላይ በጦሳ ተራራ ሥር ካለው ቀዝቃዛ ምንጭ ውስጥ የለቀቅናቸውን ትራውት ዓሣዎች መከታተል ነበር። መረብ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ በላባ መንጠቆ እቆጥራቸው ነበር። ከድንጋይ ሥር ዓመት ያህል የሚቆዩ ትናንሽ ነፍሳት አሉ፤ ደመናማ ቀን ጠብቀው ክንፍ አውጥተው ከውሃው ይነሣሉ፣ ወዲያው ይሞታሉ። ያን ቀን ዓሣው ሌላ ምግብ አያይም። የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በክር ጠምጥሜ፣ እነሱን አስመስዬ እወረውራለሁ። የተያዘውን ለክቼ፣ ለምልክት የጀርባ ክንፉን ጫፍ ቆርጬ እለቀዋለሁ።

ኃላፊያችን ጓድ ከፍያለው አንድ ቀን መጥተው አዩኝ።

"ይዘሽ ትለቂዋለሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ሠራሽ?"

"ዐሥራ አራት ዓሣ።"

"የታሉ?"

"ውሃ ውስጥ።"

ወሬው እዚህ ኮምቦልቻ ቢሮ ሲደርስ ሳቃችሁብኝ። እኔም ስቄያለሁ።

ግንቦት ላይ ተምች ገባና ሁላችንም ለዘመቻ ወጣን። ከምንጩ ላይ ክንፋም እንደ ደመና ሲነሣ ያዩ ጓዶች የተምች እናት መሰላቸው። እኔ ግን ሰኞ ዕለት "በዚህ ሳምንት ከውሃ የሚነሡት ተምች አይደሉም፤ ምንጩ ዳር መድኃኒት አትርጩ" ብዬ ጽፌ ጓድ ከፍያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሐሙስ ተረጨ። ዓርብ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተንሳፈፈ።

መሳሳት ያለ ነው። የገበሬ እህል ለማዳን የሮጠን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ ነው፦ "ዓሣዎቹ በሙሉ በበሽታ አልቀዋል፤ ባለሙያዋ በሥራ ሰዓት ስትዝናና ክትትል ጎድሏል፤ የዓሣ ጣቢያው ይዘጋ።" ዘጠኝ ሰው ፈረመ። እኔ አልፈረምኩም። በማግስቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ።

ባለፈው እሑድ፣ ከምንጩ አጠገብ የሚያርሱት ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቤቴ መጡ።

"ልጄ፣ ከላይ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ እነዚያ ያንቺ ክንፋሞች ተነሡ።"

"ውሃውስ ምን ይመስላል፣ ሼህ?"

"ወላሂ፣ ዝናብ ሳይኖር ነጠብጠብ ይላል።"

ዓሣ አፉን ሲያወጣ እንዲህ ነው። ለካ የረጩት እስከዚያ አልወጡም።

አብረን ሄድን። በሦስተኛው ውርወራ ያዘ። የጀርባ ክንፉ ጫፍ የተቆረጠ፣ የራሴው ዓሣ። ዘጠኝ ሰው ሞቷል ብሎ የፈረመበትን በእጄ ይዤ ለካሁት፤ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር። ለቀቅሁት። ሼሁ ምስክሬ ናቸው።

ጓድ ከፍያለው፣ ሪፖርቱ ይኸው። ሸዋረጋን አይጠይቋት፤ እኔው በሁለት ጣቴ ስቀጠቅጥ አድሬ የተየብኩት ነው፣ ከስሕተቱ ብዛት ያውቁታል። ሁለተኛው ቅጂ ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ጣቢያ የሚዘጋው ዓሣ ሲጠፋ ነው። ዓሣው አለ።

ለፈረማችሁት ደግሞ፦ የፈረማችሁበት እስክሪብቶ አሁንም ይጽፋል።

የላባ መንጠቆዎቼን ለሸዋረጋ ትቻለሁ፤ እጇ ከእኔ ይልቅ ቀጭን ክር ይችላል። ብርድ ልብሱን ለሼሁ እሰጣለሁ፤ ጦሳ ሥር ይበርዳል።

ጤና አይለያችሁ። ማሳችሁ ዝናብ አይጣ። ልጆቻችሁ ያዩትን አየን የሚሉ ይሁኑ። ከውሃ ላይ ክንፋም ሲነሣ ስታዩ መርጫውን መሬት አስቀምጡና ጥቂት ቁሙ፤ ዓሣው መኖሩን ራሱ ወጥቶ ይነግራችኋል።