በጾም የተቀመጠው ክኒን

ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወደ ጎንደር ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም።

«አባቴ፣ ጀሪካንዎ ቀሚሴ ላይ እየፈሰሰ ነው።»

«ይቅርታ ልጄ፣ ቅቤ ነው። ይሄ ሙቀት አቀለጠው። ጎንደር ላለችው ልጄ ነው።»

«ለእርስዎ አላስቀሩም?»

«እኔንማ ሐኪም ከለከለኝ። ቅባቱ የልብዎን ደም ስር ያጠበዋል አለና ክኒን ሰጠኝ።»

«ታዲያ ይውጣሉ?»

«በፍስክ አንድ ቀን አላቋርጥም።»

«በጾምስ?»

«በጾም ምን ሊያደርግልኝ? ቅቤ አልቀምስ፣ ወተት አልጠጣ። ሁዳዴን ሙሉ አስቀመጥኩት።»

«አምሳ አምስት ቀን! ልብዎም አብሮዎት ሲጾም ከረመ በሉኛ?»

«ትቀልጃለሽ። ሐኪም ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። እናቴ ግን ልክ እንደ እርስዎ ታደርግ ነበር።»

«እሷስ ደህና ናት?»

«ሆስፒታል ተኝታለች። እሷን ልጠይቅ ነው የምሄደው።»



«እኔንም ከፋሲካ ወዲህ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ዛሬ ቀጠሮዬ ነው።»

«እንግዲያው ክኒኑን እንዳቋረጡ ለሐኪሙ ይንገሩት።»

«ይቆጣኛል።»

«ይቆጣ፣ አባቴ!»

እኔም የልጆቼ አባት በሁዳዴ የግፊት ክኒኑን ሲውጥ አይቼው እንደሆነ ለማስታወስ ስታገል ጎንደር ደረስን።