የሞተሩ አፍንጫ

ኅዳር ላይ ነው፤ በሚኒባስ ከዳባት ወደ ደባርቅ እየሄድን ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት አሮጊትና ጉልበቱ ላይ የጎማ ቱቦ ጠቅልሎ የያዘ የሌላ መኪና ሹፌር ናቸው። የተዋወቁት እዚያው ወንበር ላይ ነው።

«ቱቦው ለምንድን ነው ልጄ?»

«ለመኪናዬ ነው እማማ። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ሰው አመላልሳለሁ።»

«አንተ ነህ እንዴ! ካቻምና ልጄን ምጥ ይዟት ተራራው ላይ የቆመባት መኪና ያንተ ነው?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።

«የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። እሷስ እንዴት ሆነች?»

«ሰው በቃሬዛ አድርሷት በሰላም ተገላገለች፤ እግዜር ይመስገን። ዘንድሮም ጥር ላይ ትወልዳለች። ለመሆኑ መኪናው ምን ሆኖ ቆመ?»

«ሞተር ይተነፍሳል እማማ፤ እንፋሎቱን የሚያወጣበት ቀዳዳ አለው። ብርድ እንዳይገባው ብዬ በጨርቅ ወተፍኩት።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ? እኛስ በብርድ እስከ አፍንጫችን እንሸፋፈን የለም እንዴ?»

«እሱ ግን ታፈነ፤ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ተፋው። ጨርቁን ባወጣውም እንፋሎቱ እዚያው በረዶ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«ዘንድሮስ?»

«ይሄ ቱቦ የሞተሩን ትኩስ ውሃ እየወሰደ መተንፈሻውን ያሞቀዋል። ከሞቀ በረዶ አይዘውም። መካኒኩ ዛሬውኑ ይገጥመዋል።»

«እንግዲህ ጥር ላይ፣ ውርጩ ሳይለቅ ብንጠራህ...»

«ደጃችሁ ድረስ እመጣለሁ።»

«በል እንግዲያው፣ ስትወርድ ቱቦውን እንዳትረሳው።»

እኔም ከኋላቸው ጋቢዬን ከአፍንጫዬ ላይ ቀስ ብዬ አወረድኩ።