ጤነኛውን ዓይን መሸፈን

አናጢው ሁለት ሴት ልጆቹን አስከትሎ ሚስማር ሊገዛ በወጣበት ጠዋት፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ድንገት ተገናኙ። የእህቱ ልጅ የዓይን ሐኪም ናት። አጎቷን ስማ ሳትጨርስ ወደ ታናሺቱ ጎንበስ አለች።

«አጎቴ፣ ዓይኗ ላይ ያደረግሁላት መሸፈኛ የት ገባ?»

«እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ አትቀየሚኝ። ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ደካማውን ማሠቃየት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ከበሩ ከወንበሩ ስትላተም እያየሁ አንጀቴ አልቻለም።»

«እውነትዎን ነው፣ ያሳዝናል። ግን ዓይን ብቻውን አያይም፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ አንጎል ይልካል እንጂ። ፊደሉን ከፊደል፣ ፊቱን ከፊት የሚለየው አንጎል ነው። የእሷ አንጎል ከጠንካራው ዓይን የሚመጣለትን ብቻ መቀበል ለምዶ ሌላውን ችላ ብሎታል። ጠንካራውን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ስንጋርድበት፣ ሳይወድ በግዱ በደካማው ማየት ይማራል። የሚማረውም በልጅነት ነው።»

«ለታላቅየዋም በልጅነቷ እንዲሁ አንሥቼላት ነበር። ይኸው አደገች፤ ምን ጎደላት?»

ታላቂቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ዝምተኛ ልጅ ናት። ይህን ስትሰማ ደህናውን ዓይኗን በመዳፏ ጋረደችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ፊት መሆኑ ይታየኛል። የማን እንደሆነ ግን ድምፅዎን ባልሰማ አልለየውም።»

አናጢው እስከዚያ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ለእሷስ አሁን ብንሸፍንላት?» አለ ወደ ሐኪሟ ዞሮ።

ሐኪሟ መልሱን የሰጠችው ለልጅቱ ነው። «እንሞክራለን፣ እህቴ። ግን አልዋሽሽም፤ ዘግይቷል።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ታላቂቱ። ከዚያ የአባቷን እጅ ያዘች። «ያኔ ሳለቅስ አሳዝኜዎት ነው ያነሡልኝ። አልተቀየምኩዎትም። ለእሷ ግን አያንሡላት።»

አናጢው ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራውን ሲጨርስ መሸፈኛውን በገዛ እጁ እያደረገ ታናሺቱን አጠገቡ ያስቀምጣት ጀመር። ዶቃ ያሰካታል፣ ሥዕል ያስቀባታል። ታለቅሳለች፤ እሱም ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል፤ መሸፈኛውን ግን አይነካም። እየዋለ እያደረ ልጅቱ በደካማው ዓይኗ ትንንሾቹን ፊደላት ለየች፤ ውሃ ስትቀዳም ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰሷን ተወች። በሐኪሟ ክፍል የፊደል ሰሌዳውን ስታነብ አናጢው ደስታውን ዋጥ አደረገው፤ ታላቂቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበርና።

ዛሬ ትንሽ ልጅ ያለውን ሰው ባገኘ ቁጥር፣ «ዓይኖቹን ተራ በተራ እየጋረድክ ምን እንደሚያይ ጠይቀው፤ ትምህርት ቤት እስኪገባ አትጠብቅ» ይላል።

«ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ እንዴት ይጨከናል?» የሚሉት አይጠፉም።

«እኔ አንዴ ራርቼ አይቻለሁ» ይላቸዋል።