የአዝመራ አንድ ሰው

ሜልበርን፣ አውስትራሊያ፤ በኮሮናው ዓመት፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ሰዓት እላፊው አብቅቶ ሊነጋጋ ሲል፤ አዝመራ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች በመስኮቷ ብቅ ብላለች፤ ላቀው አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ከአጥሯ ውጭ ቆሟል።

አዝመራ፦ ማን ነው የሞተው?

ላቀው፦ እንዴት አደርሽ፣ አዝመራ?

አዝመራ፦ አታንጠልጥለኝ፣ በወላዲቷ! ማን ነው? እናቴ ናት?

ላቀው፦ ኧረ ማንም አልሞተም!

አዝመራ፦ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት። ጥቁር ለብሰሃል።

ላቀው፦ ዩኒፎርሜ ነው! አውቶቡስ ነጂ መሆኔን ረሳሽው እንዴ?

አዝመራ፦ ሌሎቹስ የት አሉ? ከመርዶ የማይቀሩት እትዬ አሰገደች መኪና ውስጥ ተደብቀው ነው?

ላቀው፦ ብቻዬን ነኝ። ለመሆኑ መርዶ ብቻውን የሚያረዳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

አዝመራ፦ ድሮ አይቼ አላውቅም። አሁን ግን ከአንድ ሰው በላይ አይፈቀድም።

ላቀው፦ እሱስ እውነትሽን ነው። አላሰብኩትም።

አዝመራ፦ እናቴ ደህና ናት? ማልልኝ።

ላቀው፦ እናትሽ ያሉት ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ያለሁት አጥርሽ ሥር። በየቀኑ የምታናግሪያቸው አንቺ አይደለሽ?

አዝመራ፦ ማታ አናግሬያታለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ አዞ ሰው ግቢ ገባ የሚል ዜና በሬዲዮ ሰምታ፣ «መስኮትሽን ዘግተሽ ተኚ» ስትለኝ ነበር።

ላቀው፦ አዞ ያለው እኮ ሰሜን ነው፤ በአውሮፕላን የስንት ሰዓት መንገድ! ደግሞም በክፍለ ግዛቶቹ መካከል ያለው ድንበር ተዘግቷል። አዞም ቢሆን ያለ ፈቃድ አያልፍም።

አዝመራ፦ ይህንኑ ነገርኳት። «ፈቃድ ከሰጡትስ?» አለችኝ። ለእኔ የከለከሉትን ለአዞ ይሰጣሉ ብላ ነው የምታስበው። ዙር እስቲ፣ ፀጉሬን ልሸፍን።

ላቀው፦ ዞሬያለሁ።

አዝመራ፦ እሺ፣ ተመለስ። ማንም ካልሞተ በዚህ ሰዓት ደጄ ላይ ምን ትሠራለህ?

ላቀው፦ ስፖርት። በቀን ሁለት ሰዓት ፈቅደውልናል።

አዝመራ፦ ፌስታል አንጠልጥለህ?

ላቀው፦ ሽንኩርት ነው። ያንቺ ነው። ለበዓሉ ዶሮ አለመሥራትሽን ሰምቼ ነው።

አዝመራ፦ ዶሮ ለአንድ ሰው ይሠራል? ማን ፈረሰኛውን፣ ማን ክንፉን ይበላዋል? እኔው ለእኔ «እባክሽ ብዪልኝ» ልበል?

ላቀው፦ እኔ እንቁጣጣሽን በኢንዶሚ ነው ያሳለፍኩት። ሁለት እሽግ፤ በዓል ስለሆነ።

አዝመራ፦ ዛሬ ግን በዓል አይደለም። ሽንኩርት ለማድረስ ደግሞ ሰው ጎህ ሳይቀድ አይወጣም። ምን ፈልገህ ነው፣ ላቀው?

ላቀው፦ ምንም። ዝም ብዬ ነው። ይህ ዛሬ የሚጀምረው ሕግ የለ? ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ ሰው መርጦ ቤቱ ማስገባት ይችላል የተባለው። እንዴት አየሽው ልልሽ ነው።

አዝመራ፦ ስለ ሕጉ አስተያየቴን ልትጠይቀኝ?

ላቀው፦ አዎ።

አዝመራ፦ እንደ ጋዜጠኛ?

ላቀው፦ እንደዚያ በይው።

አዝመራ፦ ጻፍ እንግዲህ። እዚህ አገር ለመግባት አራት ዓመት ለመንኩ። አሁን ደግሞ እናቴን አይቼ ልምጣ ብዬ ለመውጣት ስለምን ከረምኩ። ሁለት ጊዜ «ምክንያትሽ በቂ አይደለም» አሉኝ። ሲገባ ልመና፣ ሲወጣ ልመና፤ አሁን ደግሞ ማንን ሻይ እንደምጋብዝ ሊቆጥሩልኝ ነው። ጻፍከው?

ላቀው፦ ጻፍኩት። እኔ ግን ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ።

አዝመራ፦ አንተ ያልወደድከው ሕግ የቱ ነው? መግለጫ ሲሰጡ ጣቢያ ላይ አውቶቡስህን አቁመህ ነው የምትሰማው።

ላቀው፦ ምን ላድርግ? ተሳፋሪ የለኝም። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ወንበር እያመላለስኩ ነው የምውለው። አንዳንዴ ማንም ሳይጠይቀኝ ጣቢያ እቆማለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ በሩንም እከፍታለሁ።

አዝመራ፦ ለማን?

ላቀው፦ ለነፋስ። ሕጉን የወደድኩበትን ምክንያት ግን ስሚኝ። እኛ እኮ ለሠርግ እንኳ ስንጠራ የማናውቀው ሰው ቅር እንዳይለው የምንጨነቅ ሰዎች ነን። አሁን መንግሥት መጣና «አንድ ብቻ» አለ። ሰው ልቡን ይፈትሻል። ደግ አደረገ።

አዝመራ፦ ያንተ ልብ ሲፈተሽ ምን ተገኘ?

ላቀው፦ ጠያቂው እኔ ነኝ።

አዝመራ፦ ይቅርታ፣ ጋዜጠኛው።

ላቀው፦ ትናንት በቤተ ክርስቲያናችን ዙም ላይ አልነበርሽም። ከጸሎቱ በኋላ።

አዝመራ፦ ሥራ ገብቼ ነበር። ምን ተፈጠረ?

ላቀው፦ እትዬ አሰገደች ማይካቸውን መዝጋት ረሱ።

አዝመራ፦ እሳቸው መቼ ዘግተው ያውቃሉ? ባለፈው ሰባኪው ስለ ጾም ሲያስተምሩ እሳቸው ቋንጣ ሲጠብሱ ተሰምተዋል።

ላቀው፦ ትናንት የተሰማው ቋንጣ አይደለም። አባ ቡራኬ ሊሰጡ ዝም እንዳሉ፣ እትዬ በሌላ ስልክ ለአንዷ «አዝመራ እንኳ እኔን ትታ ሰው መርጣለች!» ሲሉ ጉባኤው በሙሉ ሰማ።

አዝመራ፦ በሙሉ?

ላቀው፦ ካሜራውን ዘግቶ የተኛው ሁሉ ካሜራውን ከፈተ። አባም «እግዚአብሔር ፍጻሜውን ያሳምርላት» አሉ።

አዝመራ፦ ወይኔ ጉዴ! ወይኔ!

ላቀው፦ ስለዚህ እንኳን ደስ አለሽ ልበል ብዬ ነው የመጣሁት።

አዝመራ፦ እንኳን ደስ አለሽ ልትል? ሰዓት እላፊው እንዳለቀ?

ላቀው፦ ሰው ሳይቀድመኝ። ኢንጂነር ስዩም ነው?

አዝመራ፦ የቱ ስዩም?

ላቀው፦ ስዩም ነዋ። ጥሩ ሰው ነው። መኪና አለው። ቁመናውም ደህና ነው።

አዝመራ፦ ቁመናው ምን ይሠራልኛል? አምፖል ላስቀይረው ነው?

ላቀው፦ ወይስ ያ ግሪካዊው ፋርማሲስት? መድኃኒት ስትገዢ ከረሜላ የሚጨምርልሽ?

አዝመራ፦ ለሁሉም ይጨምራል!

ላቀው፦ ለእኔ ጨምሮልኝ አያውቅም።

አዝመራ፦ ላቀው፣ የመረጥኩት ሰው የለም። እትዬ አሰገደች መግለጫው እንዳለቀ ደወሉና «አንድ ሰውሽ እኔ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ምስር ቀቅለሽ ጠብቂኝ» አሉኝ። ለእሳቸው እምቢ ይባላል? አይባልም። እሺ ብል ደግሞ እስከ ክትባቱ ድረስ ሌላ ሰው ሊገባልኝ አይችልም። ጨነቀኝና «ቦታው ተይዟል» አልኳቸው። ማን እንደያዘው አልተናገርኩም።

ላቀው፦ ዋሸሻቸው?

አዝመራ፦ ዋሸኋቸው። አሁን የራሳቸውን ቦታ ለዚያች ቬትናማዊት ጎረቤታቸው ነው የሰጡት። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ ግን በአጥር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። ዛሬ አጥሩን ይሻገራሉ ማለት ነው።

ላቀው፦ ታዲያ ቦታው ባዶ ነው?

አዝመራ፦ እንደ አውቶቡስህ።

ላቀው፦ እኔ ደግሞ ባዶ ወንበር ሰልችቶኛል።

አዝመራ፦ እሱን ጥያቄ አልለውም። አሁን የእኔ ተራ ነው፤ ልጠይቅህ። የድሮ ቤትህ ጓሮ ነበረው፤ ሎሚ ነበረው። ባለፈው ወር ትተኸው ዓሣ መሸጫው ላይ ያለች አንድ ክፍል ውስጥ ገባህ። ለምን?

ላቀው፦ ለሥራ ትቀርበኛለች።

አዝመራ፦ የአውቶቡሶቹ ማደሪያ እኮ በድሮው ቤትህ በኩል ነው።

ላቀው፦ ዓሣም እወዳለሁ።

አዝመራ፦ በጾም እንኳ ዓሣ ስንበላ «ይሸተኛል» ብለህ ከማዕድ የተነሳህ ሰው ነህ!

ላቀው፦ አምስት ኪሎ ሜትር።

አዝመራ፦ ምን?

ላቀው፦ ከቤታችሁ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ አትራቁ ሲሉ የድሮው ቤቴ ከክልሉ ወጣ። ካርታ ላይ ያንቺን ቤት መሃል አድርጌ ክብ ሠራሁ። በክቡ ውስጥ ኪራዩን የምችለው ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች። ዓሣ ትሸታለች። ግን ክቡ ውስጥ ናት።

አዝመራ፦ እና ክቡ ውስጥ ከገባህ በኋላ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልመጣህም?

ላቀው፦ መጥቼ ምን እላለሁ? ቤት መግባት ክልክል ነበር። ለስፖርት ግን በዚህ በኩል አልፍ ነበር።

አዝመራ፦ አውቃለሁ። በየማታው፣ አንገትህን ደፍተህ፣ ከአጥሬ ስትደርስ ሩጫህን እየቀነስክ።

ላቀው፦ ታይኝ ነበር?

አዝመራ፦ መጋረጃውን እየገለጥኩ። ላላይህ እንኳ ብል፣ በዚህ መንገድ ዓሣ እየሸተተ የሚያልፍ ሌላ ሰው የለም።

ላቀው፦ ስልክሽ እየጮኸ ነው።

አዝመራ፦ እትዬ አሰገደች ናቸው። ይሄኔ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አድረው እንቅልፍ አጥተው ነው።

ላቀው፦ አታንሺው። መጀመሪያ ለእኔ መልሺልኝ።

አዝመራ፦ ምኑን? እስካሁን እኮ አልጠየቅከኝም።

ላቀው፦ አልጠየቅኩሽም?

አዝመራ፦ ስለ ሕጉ ጠየቅከኝ። ስለ ስዩም ጠየቅከኝ። ስለ ከረሜላ ጠየቅከኝ።

ላቀው፦ እሺ። አዝመራ፣ ምረጪኝ።

አዝመራ፦ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቀልድ አይደለም። ቅድም በመስኮት ሳይህ ምን እንዳሰብኩ ሰምተሃል። እናቴ ደህና ናት፤ ግን አርጅታለች፤ እኔ ደግሞ መውጣት አልችልም። አገሩ ሳይከፈት ያ ቀን ቢመጣስ? ድሮ ቢሆን ቤቱን ሞልታችሁ ነበር የምትመጡት። አንዱ ይይዘኛል፣ አንዱ አብሮኝ ይጮኻል፣ አንዱ ውሃ ያቀብለኛል። አሁን በዚህ በር የሚገባው የመረጥኩት ሰው ብቻ ነው፤ የሁሉንም ሥራ ብቻውን ሊሠራ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይህን ሳስብ ነው የዋልኩት። የምመርጠው ለሻይ አይደለም። ትችለዋለህ?

ላቀው፦ አልችልም።

አዝመራ፦ አልችልም?

ላቀው፦ እንዴት ልዋሽሽ? ቅድም «እናቴ ናት?» ስትይኝ አጥርሽን የያዝኩት ለመደገፍ ነው። ያ ቀን ከመጣ ካንቺ በፊት የምጮኸው እኔ ነኝ። ውሃውንም የምታቀብይኝ አንቺ ነሽ።

አዝመራ፦ ታዲያ ውሃ እንዳቀብልህ ነው ምረጪኝ የምትለው?

ላቀው፦ ግን አልሄድም። እያለቀስኩም ቢሆን ካጠገብሽ አልነሳም። ስዩም አያለቅስም፤ ጎበዝ ነው። ግን ሰዓቱን አይቶ «ስብሰባ አለኝ» ብሎ ይወጣል።

አዝመራ፦ አንተስ ሥራ የለህም? ዩኒፎርም ለብሰሃል እኮ።

ላቀው፦ ዛሬ ረፍት ነኝ።

አዝመራ፦ ታዲያ ለምን ለበስከው?

ላቀው፦ ሌላ የተተኮሰ ልብስ የለኝም።

አዝመራ፦ ያ ስልክ እንደገና ጀመረ። ካላነሳሁት ደግሞ ሞተች ብለው ሰውን ሁሉ ያስለቅሳሉ።

ላቀው፦ ልሂድ?

አዝመራ፦ ሽንኩርቱን ይዘህ?

ላቀው፦ አጥርሽ ላይ እሰቅለዋለሁ።

አዝመራ፦ ማን ሊከትፈው? ያ ሁሉ ሽንኩርት ለአንድ ሰው ነው? በሩ አልተቆለፈም። ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ቢላዋው መሳቢያው ውስጥ ነው። ዶሮውን ከማቀዝቀዣ እኔ አወጣለሁ።

ላቀው፦ ዶሮ ነበረሽ?

አዝመራ፦ ሰው ነው ያልነበረኝ። ግባ፤ ማልቀስህንም ሽንኩርቱ ላይ ልየው።

ላቀው፦ ለእትዬስ ምን ትያቸዋለሽ? ቦታውን ማን ያዘው ብለው ቢጠይቁሽ?

አዝመራ፦ ዝም በል፣ ላንሳው። ሃሎ? እንዴት አደሩ፣ እትዬ? ኧረ ማንም አልሞተም! አዎ፣ የመረጥኩት ሰው ነው። ላቀው። አዎ፣ ዓሣ ቤቱ ላይ ያለው ላቀው። አይ፣ ውጭ አይደለም፤ ገብቷል፤ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል።